በብርድ የተፈተነ ጥይት

አባቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ዙሪያው ፈርሶ ብቻውን በቀረ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ፈቃድ ላላቸው አዳኞች መሣሪያ ያድሳል፤ ጥይትም ይሞላል። "ጥይት ይሞላል" ስል ሰው ይስቅብኛል። እንደ ላይተር ነው እንዴ የሚሞላው ይሉኛል። አዎ፣ እንደ ላይተር ነው። የተተኮሰው ቀለህ፣ ባዶው የነሐስ ቀፎ፣ ይጸዳል፣ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ቂጡ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ትንሽ ቆብ በአዲስ ትተካለች፣ ባሩድ ተመዝኖ ይገባበታል፣ ከላይ አረሩ ይጫንበታል። ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣው ጥይት በዶላር እጥረትና በፈቃድ ጣጣ ሲጠፋ፣ እንግዳ እየመሩ አደን የሚወጡ ሰዎች ሁሉ የአባቴን ደጅ ይጠናሉ።

እኔ መዛኟ ነኝ። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሚዛኑ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እሱ ፊት ለፊቴ ሞርሳው አጠገብ ተቀምጦ በአጉሊ መነጽሩ ቀለህ ያገላብጣል። ሴት ልጅ ባሩድ ቤት ምን ትሠራለች የሚሉኝ አሉ። በተለይ ማኪያቶ ልጠጣ ብቅ ስል ደጅ የሚውሉት ደላሎች ፎገራ አይሰለቻቸውም። "ዛሬስ ስንቱን ሞላሽው?" ይሉኛል። "ለእናንተ አፍ የሚተርፍ አጣሁ" ብዬ አልፋቸዋለሁ። አፌ ሹል ነው፤ ፒያሳ ተወልዶ አፉ የዶለዶመ ሰው አላውቅም።

ባለቤቴ ግን ዝምተኛ ነው። ሥራው ማሳደን ነው። የውጭ አገር እንግዶች ከፍለው ሊያድኑ ሲመጡ ይዟቸው የሚወጣው፣ ዱካ የሚያሳያቸው፣ እንግዳው አቁስሎ የለቀቀውን እንስሳ ደግሞ ሳይሰቃይ ተኩሶ የሚጥለው እሱ ነው። ይኼ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። የቆሰለ እንስሳ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሸለቆ ተሻግሮ፣ ማዶ ሆኖ፣ ነጥብ አክሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ የባለቤቴ ጥይት ሩቅ መሄድ አለበት፤ ሄዶም የታለመበት ቦታ መድረስ አለበት። ያን ጥይት የምንሞላለት አባቴና እኔ ነን። ባለቤቴ ያለ አባት ነው ያደገው። አባቴን አባባ ይለዋል፤ ሲለውም ከአንጀቱ ነው። አንዳንዴ ያገባኝ ለእኔ ብሎ ነው ወይስ ለአባቴ ብሎ እያልኩ እቀልድበታለሁ፤ እሱም ሳይመልስልኝ ይስቃል።

በዚህ ሥራ ከባዱ መሙላቱ አይደለም። መሙላትማ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ይማረዋል። ከባዱ ብረቱ ምን ያህል እንደሚችል ማወቅ ነው። ባሩዱ ሲነድ ጠመንጃው ሆድ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት ማንም በዓይኑ አያየውም፤ ካለፈ በኋላ ጥሎት የሄደውን ምልክት ነው የምናነበው። አባቴ በልጅነቱ እዚሁ ፒያሳ ከአንድ አርመን ሽማግሌ የተማረው መንገድ አለው። ከታች ይጀምራል፤ ቅንጣት በቅንጣት ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ጭማሪ ተኩሶ ያያል። የቆቧ ጠርዝ ክብ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። ቆቧ ከተደፈጠጠች፣ ጠርዟ ጠፍቶ ከቀለሁ ቂጥ እኩል ከተኛች፣ ብረቱ ተጨንቋል ማለት ነው። ከተኩሱ በኋላ የጠመንጃው ማቀባበያ እጀታ በሁለት ጣት ካልተነሳ ደግሞ ወሬ የለም፤ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀነሳል። ባለቤቴን አጠገቡ አስቀምጦ ይህን ሁሉ አስተምሮታል። "ከዓይንህ ይልቅ እጅህን እመነው፤ እጀታው ከጠጠረብህ በቃ" ይለው ነበር።

የምንፈትነው ከእንጦጦ ጀርባ ባለ፣ እንድንተኩስበት በተፈቀደልን አሮጌ የድንጋይ ካባ ነው። ሁልጊዜ ማለዳ ነው የምንሄደው። አባቴ ጊዮርጊስን ተሳልሞ ምኒልክ አደባባይ ይጠብቀናል፤ ከዚያ በባለቤቴ መኪና ሽቅብ እንወጣለን። ማለዳ የሆነበት ምክንያት ነፋስ ስለሌለና ድንጋይ ፈላጮቹ ስላልገቡ ነው። እዚያ ያለው ብርድ ለጉድ ነው። ጋቢ ደርበን፣ ጣታችንን በትንፋሽ እያሞቅን ነው ቀለህ የምንለቅመው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጥይት የፈተነው እንዲያ ነው። የሞላላቸው ሰዎችም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደኑት ደጋ፣ ጭጋግ ያለበት ተራራ ላይ ነበር። የካባው ብርድና የተራራው ብርድ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድም ቀን ጥያቄ አልተነሳም።

ባለፈው የአደን ወቅት ባለቤቴን አንድ የደጋ አጋዘን አመለጠው። እንግዳው ሆዱን መትቶት፣ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ቆመ። ባለቤቴ ተኮሰ፤ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ድንጋይ መታ። እንስሳው ጭጋጉ ውስጥ ገባ፤ ቢፈልጉት ቢፈልጉት አላገኙትም። ቤት ሲመጣ እህል አልወርድለት አለ። "የሆነ ቦታ ተኝቶ፣ ቀስ እያለ ነው የሞተው" ይለኛል። ለሰው እንኳ እንዲህ አዝኖ አላየሁትም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሱቅ መጥቶ አባቴ ፊት ቆመ።

"አባባ፣ ትንሽ ኃይል ቢጨምሩልኝ። ማዶ ሲሆን ይወድቅብኛል።"

"ጠመንጃህ ከቻለ እጨምርልሃለሁ። ካልቻለ ግን እግሬ ላይ ብትወድቅም አልሰማህም" አለው።

ክረምቱ እንደወጣ መፈተን ጀመርን። እኔ እመዝናለሁ፣ ባለቤቴ ይተኩሳል፣ አባቴ ቀለሁን ተቀብሎ በመነጽሩ ያያል። ሳንቸኩል፣ ሳንጣደፍ፣ ቅንጣት በቅንጣት ወጣን። በመጨረሻው ማለዳ የቆቧ ጠርዝ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግን አለ። እጀታውም በሁለት ጣት ተነሳ፤ አባቴ ራሱ እንደገና አስተኩሶ አነሳው። ብዙ አየ። ጥፍሩን ቀለሁ ወገብ ላይ አመላለሰው። "ይበቃል። ከዚህ በላይ አንዲት ቅንጣት አልጨምርም" አለ። ባለቤቴ እንደ ሕፃን ተጠመጠመበት። እኔም ደስ አለኝ፤ ሱቅ ገብቼ በዚያው ልክ ቁጭ ብዬ ስመዝን ሰነበትኩ።

ነገሩ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ የሚሠራበት ድርጅት የደጋው መንገድ ስላላማረው የዘንድሮውን አደን ወደ ቆላ አዞረው፤ ከአዋሽ ወዲያ፣ ሳላ የሚሉት ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ ወዳለበት ሜዳ። እራት ላይ ነገረን። አባቴ "ውሃ በደንብ ያዝ፤ ወባውንም ተጠንቀቅ" አለው። እኔ ስስ ሸሚዝ ገዛሁለት። ስለ ኮፍያ አወራን፣ ስለ አጎበር አወራን፣ ስለ ጎማ አወራን። ስለ ጥይቱ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ባሩድ ሲሞቅ እንደሚቆጣ አባቴ ከሆነ ሰው ሰምቶት ይሆናል፤ እጁ ላይ ግን ደርሶበት አያውቅም። በብርድ ጫፍ ላይ የቆመ ጥይት ሙቀት ሲያገኝ ጫፉን ያልፋል። ይህን አሁን ማንም ይነግረኛል። እኛ ግን ደገኞች ነን፤ ሙቀት ሰው የሚያጠቃ ነገር ነበር እንጂ ጥይት የሚነካ አልመሰለንም።

ስልኩ የተደወለልኝ ሱቅ ብቻዬን ሆኜ ነው፤ አባቴ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ነበር። ሾፌራቸው ነው። "እህቴ፣ አይዞሽ፣ ተርፏል" ብሎ ጀመረ። ተርፏል ብሎ የሚጀምር ወሬ ምን እንደሆነ ይገባኛል። ሆስፒታል ስደርስ ቀኝ ዓይኑ ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ነገረኝ። ጥይቱ በብረት ሣጥን ተደርጎ መኪናው ኮፈን ላይ ፀሐይ ሲመታው አርፍዷል። እኩለ ቀን ላይ እንግዳው አንድ ሳላ አቆሰለ፤ ባለቤቴ እንስሳው ሩቅ ሳይሄድ ሊጥለው ተኮሰ፤ የቀለሁ ቂጥ ተበጣጥሶ እሳቱ በማቀባበያው በኩል ወደ ኋላ፣ ወደ ፊቱ መጣ። ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ የተሰነጠቀውን ቀለህ በሶፍት ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረው። ባለቤቴን አልጋው ላይ ሳየው ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል። እግሩን ይዤ አለቀስኩ።

የአባቴ ታናሽ እህት ከእኔ ቀድማ ደርሳለች። እሷ የቤታችን መርዶ ኃላፊ ናት። እኛ ቤት መጥፎ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ለማን፣ መቼ፣ በማን አፍ፣ ምን ከበላ በኋላ የሚለውን አክስቴ ናት የምትመክርበት። ያን ቀንም ነጠላዋን አጣፍታ ምክሩን ጀመረች።

"ወንድሜ ይህን ከሰማ አይነሳም። ልቡን ታውቂዋለሽ።"

"ታዲያ ምን ልንለው ነው?" አልኳት።

መልሱ የመጣው ከአልጋው ነው። ባለቤቴ በግማሽ አፉ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ "እሾህ ነው በሉት። ለአባባ እንዳትነግሩ" አለ። ደሜ ፈላ። እኔ አልዋሽም፣ ሥራው ነው፣ ማወቅ አለበት ብዬ ተሟገትኩ። አክስቴ ክንዴን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። "የገዛ እጁ ልጁን እንዳሳወረበት ሰምቶ ቢወድቅ፣ ያኔስ ትችዪዋለሽ?" አለችኝ። ምን ልበላት። ባለቤቴም በቀረችው ዓይኑ እየለመነኝ ነው። እሺ አልኩ። ግን ሦስቱንም ነው የተቆጣሁት፤ አክስቴን ስለ ምክሯ፣ ባለቤቴን ስለ ደግነቱ፣ አባቴን ስለ ጥይቱ። አባቴን ጥቂት ቀን ጠልቼዋለሁ። ወላጅ አይጠላም የሚለኝ ካለ እዚያ ኮሪደር ላይ አልቆመም።

አባቴ ሊጠይቀው ሲመጣ ፋሻው ከግንባሩ እስከ አገጩ ነበር፤ ከሥሩ ያለው አይታይም። ባለቤቴ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። "የግራር ቅርንጫፍ ነው አባባ። ክፍት መኪና ላይ ቆሜ ስንሄድ ገረፈኝ።" አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ እየዳበሰ አለቀሰ። የእኔን ዕድሜ ለእናንተ፣ የእኔን ዓይን ለአንተ ባደረገው እያለ አለቀሰ። እንባውን ከጠረገ በኋላ ግን ያው ባለሙያ አይደል፣ ማለፍ አልቻለም።

"ጥይቱስ እንዴት ሆነልህ?"

እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

"እንደ ቅቤ ነው አባባ" አለ ባለቤቴ። "እንደ ቅቤ።"

አባቴ ፊቱ በራ። እዚያ ሐዘን መሀል እንኳ ፊቱ በራ፤ አክስቴም ጉዳዩ በሰላም ስላለፈ ትንፋሿን ለቀቀች።

ባለቤቴ ቤት ገባ። እኔ ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ። የተሰነጠቀውን ቀለህ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው፤ መጣልም አልሆነልኝ፣ ማሳየትም አልሆነልኝ። አባቴ ጠዋት ጠዋት "ልጄ እንዴት አደረ?" ይለኛል፤ እኔም "ደህና ነው" እላለሁ። እኛ ቤት ሊጠይቀው ሲነሳ አክስቴ አንድ ምክንያት ታገኝለታለች፤ ዛሬ ሐኪም ጋ ነው፣ ዛሬ ተኝቷል፣ ፋሻው እስኪነሳ ይረፍ። ፋሻው ተነስቶ ነበር። ጉንጩ ላይ ቆዳ ውስጥ የቀሩት ጥቋቁር የባሩድ ነጠብጣቦች አሉ፤ እነሱን ለአባቴ ማሳየት አይቻልም። ሌላ ሰው እሾህ ሲሉት ያምናል፤ አባቴ ግን እነዚያን ነጠብጣቦች ካየ ምን እንደሆኑ ያውቃቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከማኪያቶዬ ስመለስ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ አገኘሁ። ከሌላ ድርጅት የመጣ አሳዳኝ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያኖረ ሰው። አባቴ ጥይት በካርቶን እያሸገለት ነው። ከባለቤቴ ተርፎ መደርደሪያ ላይ የነበረው ነው፤ እኔው የመዘንኩት።

"ጠመንጃው ከባልሽ ጠመንጃ ጋር የአንድ ፋብሪካ ነው፤ ለክቼዋለሁ፣ ይሆነዋል" አለኝ አባቴ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረ። "ለልጄ ባል የሞላሁለት ነው። ቆላ ወርዶ ተኩሶበታል። እንደ ቅቤ ነው ብሎኛል።"

"እኔም ነገ ወደዚያው ነኝ" አለ ሰውዬው፤ እጁንም ለካርቶኑ ዘረጋ።

ክው አልኩ። አባቴ ይህን ያለው ዋሽቶ አይደለም። እኛ የነገርነውን ነው ያለው። እኛ ባንዋሸው ኖሮ ያ ጥይት መደርደሪያው ላይ አያድርም ነበር።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ይኼ አይሸጥም" አልኩት ሰውዬውን።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ አባቴ።

"አይሸጥም አባዬ።"

"ሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

ቦርሳዬን ከፍቼ ቀለሁን ከሶፍቱ አወጣሁና ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። አባቴ አየው፤ አነሳው፤ መነጽሩን ሳብ አደረገ። ቆቧ ቦታዋ ላይ የለችም። ቂጡ ተከፍቶ፣ ነሐሱ እንደ ቀለጠ ሰም ተዘርግቷል። ጥፍሩን ስንጥቁ ላይ አሳለፈ። አዟዟረው፣ ደግሞ አየው። ደንበኛው እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል።

"ይኼ የእኔ ነው" አለ አባቴ።

"አዎ።"

"እሾህ አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"ማን ማን ያውቃል?"

"ሁላችንም። ካንተ በቀር።"

ይወድቃል ብዬ ወንበሩን ልይዝለት ተጠጋሁ፤ አልወደቀም። ወደ ሰውዬው ዞረ። "ልጆች አሉህ?" አለው። ሰውዬው ግራ ገብቶት "ሁለት ሴቶች" አለ። አባቴ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበው። "ሂድ ልጄ። ከእኔ ምንም አትወስድም" አለው። ሰውዬው ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፤ ምን እንዳመለጠው እስከ ዛሬም በቅጡ አያውቅም ይሆናል።

"ለልብህ ብለን ነው" አልኩት፣ ብቻችንን ስንቀር።

"ልቤን ማን ጠየቃችሁ?" አለኝ። ድምፁን አላነሳም። "አንዱን ማሳወሬን ደብቃችሁኝ፣ ሁለተኛውን በገዛ እጄ ልታስጨርሱኝ ነበር። ይኼ ነው ለእኔ ማዘን?"

ለሁሉም መልስ አላት የምባለው እኔ ባንኮኒውን እየጠረግኩ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ ጥይቱን የት አስቀምጦት እንደነበር ጠየቀኝ። ኮፈን ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነው አልኩት። ቁጭ አለ። ቀለሁን መዳፉ ውስጥ ጨበጠ። "እኔ በብርድ ነው የፈተንኩት" አለ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። ከዚያ ካርቶኑን ካዝና ውስጥ ቆልፎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ "ንዪ" አለኝ።

ቤታችን ውቤ በረሃ ውስጥ፣ ካልፈረሱት ጥቂት ግቢዎች በአንዱ ነው። በእግር ወጣን፤ አባቴ ከዘራውን ይዟል። ሰላም የሚሉት ሰዎች ነበሩ፤ አላያቸውም። ከኋላው እየተከተልኩ መንገድ ላይ እንዳይቀርብኝ እጸልይ ነበር፤ ደግሞም፣ ይህን ስጽፍ አላፍርም፣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ስለወረደ ቀሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ነበር። የአባቴን ድምፅ በረንዳው ላይ ሲሰማ ፊቱን የሚሸፍንበት ፈለገ፤ አላገኘም። ተነስቶ ቆመ።

"ቁጭ በል" አለው አባቴ። ራሱም ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙርልኝ።"

ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ ገባው። ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። አባቴ በሌባ ጣቱ ጉንጩ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ዳበሳቸው፤ አንድ በአንድ፣ ቀለህ እንደሚዳብሰው አድርጎ።

"አባባ፣ ግራሩ…"

"ተወው።"

ከዚያ አባቴ ሱቅ ውስጥ በሚጠይቅበት ድምፅ መጠየቅ ጀመረ።

"ከዚያችኛዋ በፊት ሌላ ተኩሰህ ነበር?"

"አዎ። ረፋዱ ላይ፣ ለማነጣጠር።"

"እጀታውስ?"

ባለቤቴ አቀረቀረ።

"እጀታው እንዴት ነበር ነው የምልህ?"

"ጠጥሮ ነበር።"

"ምን ያህል?"

"በመዳፌ መትቼ ነው ያነሳሁት።"

ይህን እኔም አልሰማሁም ነበር። እኔንም ደብቆኛል፤ ሁላችንንም ደብቆናል። አባቴ ወንበሩ ላይ ወደፊት ተጠጋ።

"አላስተማርኩህም?"

"አስተምረውኛል።"

"እጀታው ሲጠጥር ምን አልኩህ?"

"ቁም ብለውኛል።"

"ታዲያ ለምን አልቆምክም?" አለው። ቁጣ አልነበረውም፤ የምር ማወቅ ፈልጎ ነው። "ለምን አልቆምክም ልጄ?"

ባለቤቴ፣ "አቧራ ገብቶበት ነው አልኩ" አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ "የእርስዎ ጥይት ነዋ አባባ። እርስዎ ልክ ነው ካሉት በኋላ፣ የተሳሳተው እጄ ነው አልኩ።"

ከአባቴ አፍ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ቃል አልነበረም። ከዘራውን ወንበሩ ላይ አደገፈና ተነሳ። የሚሄድ መስሎኝ በሩን ልከፍትለት ዞርኩ። አልሄደም። ባለቤቴ ፊት ቆሞ ጉልበቱን ማጠፍ ጀመረ። በእኛ አገር ጉልበት የሚስመው ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ወደ ልጁ እግር ሲወርድ አይቼ አላውቅም። "ኧረ አባባ፣ በማርያም" ብሎ ባለቤቴ ዘሎ ተነሳ፤ ትከሻውን ይዞ ሊያስቀረው ሁለት እጁን ዘረጋ። አንድ ዓይኑን ካጣ ወዲህ ርቀት አይለይለትም። እጆቹ ከአባቴ ትከሻ ስንዝር ወዲህ ባዶ አየር ጨበጡ፤ ደግሞ ሊይዘው ሲሞክር አባቴ እግሩ ላይ ደርሶ ነበር።